አባቴ ያሰፋው መንገድ

ልጅ እያለሁ፣ ከአሶሳ የአንድ ቀን መንገድ ከምትርቀው መንደራችን የሚያስወጣው መንገድ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያሳልፈው። ግራና ቀኙ ጥቅጥቅ ያለ የሸመል፣ የቆላ ቀርከሃ ጫካ ነው። ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ ታላቅ እህቴ ሃሊማ ትቀድማለች፣ እኔ እከተላለሁ። የልጅነቴን እኩሌታ የእሷን ጀርባ ሳይ ነው የኖርኩት። ወሬ ስታወራኝ እንኳ ፊቷን አላየውም ነበር፤ ከጎኗ መሄድ እንዴት ያምረኝ እንደነበር!

ከሱዳን በኩል ጨው በአህያ ጭነው የሚመጡት ነጋዴዎች በዚያ መንገድ መግባት ስለማይችሉ ከጫካው ማዶ ባለው ገበያ ላይ ይቀሩ ነበር። እናታችን ነፍሰ ጡር ሳለች እዚያ ድረስ ሄዳ፣ ጨው ተሸክማ ስትመለስ ወደቀች። ጽንሱም ወረደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አባቴ፣ አህያው ደጃችን ድረስ እንዲመጣ መንገዱን አሰፋለሁ ብሎ መጥረቢያውን ይዞ ተነሳ።

ጎረቤታችን ሼህ ሙሳ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ሊከለክሉት መጡ። በዚያ ዘመን በፈረስ እየመጡ ሰው አፍነው ለባርነት የሚሸጡ ነበሩ። «ባለፈረሶቹ ሌላውን መንደር ሁሉ ሲዘርፉ እኛን የተዉን ለምን ይመስልሃል?» አሉት። አባቴ አንገቱን ደፍቶ አዳመጣቸው፤ ሚስቴ ዳግመኛ ጨው ተሸክማ አትወድቅም ብሎ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም በልቤ ሽማግሌውን ክፉኛ ተቀየምኳቸው።

የመንገዱ መለኪያ እኔና ሃሊማ ነበርን። እጅ ለእጅ ተያይዘን ሌላውን ክንዳችንን እንዘረጋለን፤ ከእኔ ጣት ጫፍ እስከ እሷ ጣት ጫፍ ያለውን ሸመል አባቴ ይጥለዋል። አዲስ የተቆረጠ ሸመል ሽታው እርጥብ ሣር ሣር ይላል። ዛሬም ሲሸተኝ ዘወር ብዬ አልፋለሁ።

አህዮቹ መጡ፤ ጨው ቤታችን ገባ። እኛም ጎን ለጎን መሄድ ጀመርን፤ ሃሊማ ስታወራ ቅንድቧን ከፍ ዝቅ እንደምታደርግ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ከውሃ ስንመለስ ኮቴ ሰማን። እኔ አህያ መስሎኝ ቆምኩ። እሷ ቀድማ ገባትና «ግቢ!» ብላ ገፋችኝ፤ ዳር በኩል ስለነበርኩ ሸመሉ ውስጥ ወደቅኩ። እሷ መሀል ነበረች። የድሮው መንገድ ቢሆን ኖሮ ዘወር ማለት ይበቃት ነበር። አሁን ሁለት እርምጃ ቀራት። አንዱን ተራምዳለች፤ አይቻለሁ። ባለፈረሱ ሳይወርድ ክንዷን ይዞ አነሳትና ይዟት ጋለበ።

አባቴ ከጫካው የሸመል ሥር እየቆፈረ ያሰፋው መንገድ ላይ መልሶ ተከለ። ሼህ ሙሳም አብረውት ቆፈሩ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ጨው ያለበት ምግብ አልቀመሰችም።

አሁን አርጅቻለሁ። ሸመሉ ተመንጥሮ የጭነት መኪና የሚያልፍበት ሰፊ መንገድ ወጥቶበታል፤ ልጆቹ አራት አምስት ሆነው ተቃቅፈው ሲሄዱበት ሳይ ደስ ይለኛል፣ እፈራላቸዋለሁም። እኔ ዛሬም ዳር ዳሩን ነው የምሄደው። የልጅ ልጆቼ ምነው መሀሉን ብትሄጂ እያሉ ይስቁብኛል። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ግን አንዳንዴ ሰው አለመኖሩን አይቼ ክንዴን እዘረጋለሁ። አንደኛው እጄ የዳሩን ቅጠል ይነካል። ሌላውን የሚይዘኝ የለም።