ከግድግዳ የወረደው ሰይፍ

ዛሬ ረፋድ ላይ አጎቴ ተሾመ ሰይፍ መዝዞ በጎረቤታችን ልጅ በከድር አናት ላይ ሲያነሳ በዓይኔ አየሁ።

ጠቡ የተነሳው በላም ነው። የነከድር ላም የገብስ ቡቃያችንን በላች። አጎቴ የከድርን ግንባር በዱላ ፈነከተው፤ ከድርም በድንጋይ የአጎቴን የፊት ጥርስ አረገፈው። (ጾም ስለሆነ ጥርሱ ለጊዜው ብዙ ሥራ አልነበረውም።)

ያኔ ነው ሰይፉ ከግድግዳ የወረደው።

ይህ ሰይፍ እኛ ቤት «ቅድመ አያታችን ባሌን ሲያቀኑ የታጠቁት» ይባላል። እነከድር ቤት «ቅድመ አያታችን የታረዱበት» ይባላል። ሰይፉ አንድ ነው።

የከድር እናት አዴ ሙሚና ሲንቄያቸውን ይዘው ሮጠው መጡ። ያገቡ የኦሮሞ ሴቶች የሚይዙት ቀጭን በትር ነው። በሁለቱ መሃል ዘረጉት። እዚህ ጎባ ሲንቄ ከተዘረጋ ማንም አያልፍም።

አጎቴ ግን እግሩን አነሳ።

«ተሾመ! ሕማማት ነው እያልክ በየጠዋቱ በአጥሩ በኩል ጮክ ብለህ የምታነበው ለእኔ ነው እንዴ? ‹ሰይፍህን ወደ ስፍራው መልስ› ይላል። እኔ ሙስሊሟ እንኳ ሰምቼ ያዝኩት!» አሉት።

አጎቴ እግሩን መለሰ። ደሙን እየዋጠ ቤት ገባ።

ይኸው እስካሁን ሰገባውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ይታገላል። የደረቀው ቆዳ ሰይፉ ሲመዘዝ ተሰንጥቋል። ለመውጣት አፍታ አልፈጀበትም፤ ለመግባት ግን እምቢ አለ።

እናንተስ፣ ግድግዳችሁ ላይ ምን ተሰቅሏል? አንዴ ቢወርድ የሚመለስበት ስፍራ አለው?