የሚታጠፈው ላስቲክ

አሮጌ ላስቲክ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ ሽው ሲል፣ እማዬ ላፍቶ ካለው ቤታችን ጓሮ፣ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላ አባዬን ስትሰልል ትታየኛለች።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። አባዬ ጠዋት ጠዋት ክራቫቱን አስሮ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቢሮ ይሄድ ነበር፤ አንዲት ጎረቤታችን ግን ለቡ ሰፈር ውስጥ ከሴት ጋር እንዳየችው ለእማዬ ሹክ አለቻት። አይ እማዬ! ድሮም ዱቄት ስትገዛ እጇን ጆንያው ሥር ድረስ ካልከተተች አታምንም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባዬን ኮት ታሸት፣ ኪሱን ትበረብር፣ ምንም ስታጣ ደግሞ ይብስባት ነበር። «እውነት ከሆነ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት እገባለሁ» ስትል ጆሮዬን እደፍናለሁ፤ ያለ አባዬ መኖር አልፈልግማ!

መስከረም ጠብቶ ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ ስትከተለው መታየቱን ክብሯ ስላልፈቀደላት፣ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ልትገዛ እኔን ይዛ መርካቶ ወረደች። እማዬ ያለ ወፍራም መነጽሯ የፊቷን ሰው አትለይም። ሻጩ የሰጣትን ትልቁን አቅራቢ መነጽር በራሷ መነጽር ላይ ብትደግነው የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን ብቻ ታየቻት።

«እናቴ፣ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ይሄኛው ይሻላል» ብሎ አነስ ያለውን አቀበላት። «ዓይን የሚያርፍበትን ላስቲክ ወደ ኋላ ሲያጥፉት ዓይንዎ ይጠጋል፣ ሰፋ አድርጎ ያሳያል።»

መግዛቱን ገዛችው፤ ላስቲኩን ግን አላስነካም አለች። «ሲቀደድ ራስዎ ነዎት የቀደዱት ሊለኝ!» እያለች እስከ ቤት አጉረመረመች።

በጥቅምት ከጓሯችን ማዶ፣ ለቡ ላይ አዳዲስ ቤቶች ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት እማዬ ስትቃኝ ቆይታ በድንገት ጮኸች።

«አገኘሁት! አናቱን አውቀዋለሁ! ሴትየዋን ከኋላ ከኋላ ይከተላታል፤ ስትታጠፍ ይታጠፋል፣ ስትቆም ይቆማል! ጉድ ሠራኝ!»

ልብሳችንን እንድሸክፍ አዘዘችኝ። እኔ ደግሞ እሷን ጠረጠርኳት፤ ጥርጣሬ በዘር ይሄዳል መሰለኝ። አቅራቢውን ተቀብዬ፣ ሻጩ እንዳለው ሁለቱንም ላስቲክ ወደ ኋላ አጥፌ መለስኩላት።

«እስቲ አሁን እዪ፣ እማዬ።»

አይታ ለእኔም ሰጠችኝ። በጠባቡ ቀዳዳ ያየችው ሁለት ራስ ብቻ ነበር። አሁን ግን በመሀላቸው ድንጋይ የተከመረበት ባሬላ ይታያል፤ ሴትየዋ ከፊት፣ አባዬ ከኋላ ሆነው ተሸክመውታል። ክራቫቱ የለም፤ የለበሰው ቡትቶ ሸሚዝ ነው። ከቢሮው ከተቀነሰ መክረሙን ያኔ ገባን።

«ትንፍሽ ብትዪ ወዮልሽ!» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ኮርቶ ይግባ።»

ማታ ክራቫቱን አስሮ ገባ። እማዬ ለብ ባለ ውሃ ላይ ጨው በትና እግሩን አጠበችው። «ቢሮ መዋል ያደክማል» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው። አባዬ በጥርጣሬ አየኝ፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። እማዬ እስክትሞት ድረስ ስለ ባሬላው አንዲት ቃል አልወጣትም።

ዛሬ ለቡ በፎቅ ተሞልቷል፤ እኔም እንደ እማዬ ወፍራም መነጽር አደርጋለሁ፣ አባዬም በስተርጅና አድርጓል። ባለፈው አቅራቢው ከእማዬ ሳጥን ሲወጣ፣ አባዬ ጓሮ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አነሳውና «ምንም አያሳይም» አለ። የደረቀውን ላስቲክ ቀስ አድርጌ አጠፍኩለት። ወደ ለቡ አዙሮ ብዙ ቆየ።

«ከዚህ ይታይ ነበር እንዴ?»

«ይታይ ነበር፣ አባዬ።»

አቅራቢውን ከዓይኑ ሳያወርድ፣ እማዬ ያኔ ያጠበቻቸውን እግሮቹን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰበ።