ባለ አራት ክሪኩ ጠረጴዛ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ እንግሊዝ አገር፣ ሃርልስደን በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ጓሮዋ ላይ ትንሽ የእንጨት ክፍል ያለባት ቤት ተከራየን። የቀድሞው ተከራይ ብስክሌቱን ያስቀምጥባት ነበር። እኔ ግን ቁልፉን እንደተረከብኩ «ወርክሾፔ» አልኳት። ባለቤቴ ሰምታ ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች። ያን ጊዜ የነበረኝ መሣሪያ አንድ መጋዝ፣ አንድ መዶሻና ከኪልበርን የገዛሁት መላጊያ ነበር፤ መላጊያው በየት በኩል እንደሚገፋ ገና አላጣራሁም።

ሥራዬ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ትኬት ማየት ነበር። አገር ቤት ግን ሁለት ዓመት ምህንድስና ተምሬያለሁ፤ ይህን ከአፌ ያልሰማ ሐበሻ በሰፈሩ አልነበረም።

የባለቤቴ አባት ለሦስት ወር ሊጠይቁን እንደሚመጡ ስንሰማ እሷ በደስታ አለቀሰች። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በአናጺነት የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን በስልክ «እኔም እኮ እዚህ እንጨት እሠራለሁ» ብያቸው ነበር።

«ጎሽ! ምን ምን ትሠራለህ?» ሲሉኝ፣

«ሁሉንም» አልኩ።

እንግዲህ ቢያንስ የምሠራበት ጠረጴዛ ሊኖረኝ ይገባል። እኔ ረጅም ነኝ፣ እሳቸው ደረቴ ጋ ነው የሚደርሱት። ስለዚህ ለሁለታችንም እንዲሆን ከፍና ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ልሠራ ወሰንኩ። አሥራ አንድ ገጽ ንድፍ ነድፌ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ባለቤቴ እጆቿን አጣጥፋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ከዚህ ውስጥ ጠረጴዛው የቱ ነው?» አለችኝ።

የፈጠራዬ ልብ ያለው እግሮቹ ላይ ነበር። ጎማ ሲቀየር መኪና የሚነሳበትን ክሪክ በየእግሩ ሥር አስገባሁ። አሮጌ መኪና የሚበታትን ሰው ጋ ሄጄ አራት ክሪክ አገኘሁ፣ ከአራት ዓይነት መኪና። ክሪክ ሁሉ ክሪክ ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለት ዓመት ምህንድስና የተማረ ሰው እንዲህ ሊያስብ መቻሉ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

አማቼ በመጡ በሦስተኛው ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። ባለቤቴም ተከተለችን። ጠረጴዛው ቀጥ ማለቱ እንዲታይልኝ አንድ ብርጭቆ ሻይና አንድ ጠርሙስ ሙሉ ምስማር ላዩ ላይ አስቀመጥኩ።

«አባባ፣ አሁን ይመልከቱ» አልኩና የመጀመሪያውን ክሪክ አሽከረከርኩ። ያኛው ማዕዘን ተነሳ። ሮጬ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ፤ ያኛው በአንድ ዙር የመጀመሪያውን እጥፍ ተነሳ። ለማስተካከል ሦስተኛው ላይ ስንበረከክ የሻዩ ብርጭቆ ሲንሸራተት ሰማሁት። ምስማሩ ተከተለው። ቀና ስል ጠረጴዛው ባለቤቴ ላይ እንደ ጣሪያ አዘንብሎባታል፤ እሷ በሁለት እጇ ደግፋ ይዛዋለች።

አማቼ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብለው አራቱንም እግሮች አንድ በአንድ አዩ።

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«ራሴ ነኝ አባባ።»

«ያስታውቃል» አሉና ካፖርታቸውን አወለቁ። «በል መጋዙን አቀብለኝ።»

ሁለት ቀን ፈጀ። የኔን አሥራ አንድ ገጽ አላዩትም፤ በስንዝራቸው ለክተው በእርሳስ እንጨቱ ላይ ጫር ጫር ያደርጋሉ፣ በቃ። እያንዳንዱ እግር ሁለት እንጨት ሆነ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱም ላይ በእኩል ርቀት ቀዳዳ በሱና ወፍራም ብሎን አስገቡበት። ከፍ ሲፈለግ ብሎኑን አውጥቶ ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ መክተት ነው። የኔ ሥራ «ያዝ» ሲሉኝ መያዝ፣ «ልቀቅ» ሲሉኝ መልቀቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ «አያያዝህ ጥሩ ነው» አሉኝ። በጣም ደስ ስላለኝ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ደግሞ አዲስ አበባ ላሉት እህቶቿ ደውላ ነገረቻቸው፤ በስልኩ ውስጥ ሲስቁ ከሳሎን ይሰማኝ ነበር።

በሳምንቱ የጎረቤታችን ጃማይካዊት ሴትዮ የመጋዙን ድምፅ በአጥር በኩል ሰምታ ኖሮ፣ እግሩ የወለቀ ወንበር ይዛ መጣች። አማቼ ጠረጴዛውን ወደ ልካቸው ዝቅ አድርገው በአንድ ጠዋት ጠገኑላት። ከዚያ ወዲያ ሰው ተከታተለ፤ አንዱ መሳቢያ፣ አንዱ የቁም ሳጥን በር ያመጣል። እሳቸው እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ስለዚህ ከጃማይካዊቷ ወንበር ጀምሮ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

«ማን እንደሰበረው ጠይቅልኝ» ይሉኛል።

«ባለቤቴ ተቀምጦበት ነው» ትላለች ሴትዮዋ።

«እንግዲያው ባለቤቷ ይምጣና ልየው፣ ስንት እንጨት እንደሚበቃው ልወቅ።»

ይህን መተርጎም ነበረብኝ። ሰውየውም እውነት መጣ፤ አማቼ ዞር ዞር ብለው አዩትና ወንበሩ ላይ ሁለት ድጋፍ ጨመሩ።

ሦስቱ ወር አልቆ አማቼ አገራቸው ገቡ። በወሩ ገደማ ጃማይካዊቷ ጎረቤታችን ሌላ የተሰበረ ወንበር ተሸክማ በራችንን አንኳኳች።

«ሽማግሌው አሉ?»

«ሄደዋል» አልኳት። «ግን እኔ ልሠራልሽ እችላለሁ፤ ጠረጴዛውም እዚሁ ነው።»

እኔን አየች፤ ወንበሯን አየች።

«ግድ የለም» አለችኝ፣ ወንበሩን እቅፏ ውስጥ መልሳ እያስተካከለች። «እስኪመለሱ ቆሜ እበላለሁ።»