ካፖርቴን ያቀበለችኝ አማት

የበደለችኝ የልጄ አማት ኤይላ ናት፤ ምሳ ጠርታ ጦሜን አሰናበተችኝ!

ኤይላ ፊንላንዳዊት ናት፣ አምስተልቨን የሚባል ከተማ ነው የምትኖረው። በቋንቋዋ ላስደንቃት ብዬ ከልጄ «ሜኔን» የምትል ቃል አጠናሁ፤ «እሄዳለሁ» ማለት ነው። ዓሣው ገና ምድጃ ውስጥ እያለ ለወጉ ያህል ብድግ አልኩና «ሜኔን» አልኳት። «ኧረ በሞቴ!» ብላ ትከሻዬን ይዛ ታስቀምጠኛለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! በፊንላንድኛዬ ተደስታ አጨበጨበችና ካፖርቴን ይዛልኝ መጣች።

ትራም ውስጥ ሆዴ እየጮኸ ለልጄ ደወልኩ።

«እማዬ፣ እሄዳለሁ ካልሽ ምን ታድርግሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ታስቀምጠኛ! በይ አሁን ‹አትሄጂም› ምን እንደሚባል ንገሪኝ።»

ባለፈው እሁድ ተራዋ ደረሰ። ኦስዶርፕ ሰፈር እኔ ቤት መጥታ፣ ሳህኗን ጠርጋ በልታ፣ የምሯን ልትሄድ ተነሳች። «ሜኔን» አለች በፈገግታ። ካፖርቷን ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩ፣ በሩን በጀርባዬ ደገፍኩ፣ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ወደ አፏ እያስጠጋሁ እንዲህ አልኳት፦

«ኤት ሜኔ! በሞቴ፣ ኤት ሜኔ!»