የሩቂያን ቃል የዋጥኩ ቀን

ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ከእናቴ ጋር መኳረፌን ሁሉ ተናግሬአለሁ። ይህን ግን ተናግሬ አላውቅም። ስግደት አዝዘው፣ ፈትተው እንዳይሸኙኝ ፈራሁ። ይህ በስግደት እንዲያልቅልኝ አልፈልግም።

አሰላ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ትውልዴ ሁሩታ ነው፤ ኦሮምኛን ያወቅሁት ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ ነው። አንድ የውጭ ድርጅት ለፖሊሶች የሰብዓዊ መብት ሥልጠና ሊሰጥ ሲመጣ አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ። አሠልጣኟ ጠና ያለች ፈረንጅ ነበረች። «በወንድሙ ጥፋት ማንም አይታሰርም» ስትል እኔም በአማርኛና በኦሮምኛ በኩራት እደግመው ነበር። ከፖሊሶቹም ከልባቸው የሚጠይቁ ነበሩ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ያስተማረችውን በሥራ ላይ እንድታይ፣ ወደ አንዲት የወረዳ ከተማ ማረፊያ ቤት ወሰዱን። የጣቢያው አዛዥ አብሮን ይዞራል። ከሴቶቹ ክፍል አንዲት ወጣት ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። ሩቂያ ትባላለች።

«እህቴ» አለችኝ በኦሮምኛ፣ «እኔ ያጠፋሁት የለም። ወንድሜን ፈልገው ሲያጡት እኔን ያዙኝ። እሱ ካልመጣ አትወጪም አሉኝ። የሚጠባ ልጅ ቤት ትቻለሁ። ንገሪልኝ።»

ሻርፗን ወደ እኔ ገለጥ አደረገችው። ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል።

«ምን አለች?» አለች አሠልጣኟ።

አዛዡ ኦሮምኛ ይሰማል። አየኝ፤ ሌላ ምንም አላደረገም። እኔም በእንግሊዝኛ፣ «ጉዳይዋ በፍርድ ቤት እየታየ ነው፤ አያያዛቸውም ደህና ነው ትላለች» አልኩ።

አሠልጣኟ ፈገግ ብላ ሩቂያን ጨበጠቻትና አለፍን።

«ነገርሽልኝ?» አለች ሩቂያ ከኋላዬ።

«ነግሬልሻለሁ።»

«ረቢ ይባርክሽ» አለችኝ።

ፈርተሽ ነው ልትሉኝ ነው? አትበሉኝ! መታሰር በአሳቤም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ የሥልጠናው መዝጊያ ነበር። ሹሞች ይመጣሉ፣ ፎቶ እንነሣለን፣ እኔም አዲስ ቀሚስ ለብሻለሁ። አሠልጣኟ በሰው ፊት እንደምታመሰግነኝ ነግራኝ ነበር። ያን ቀን ማንም እንዲያበላሽብኝ አልፈለግሁም። የአንዲትን እናት ቃል በጭብጨባ ሸጥኩት። አመሰገነችኝም። አጨበጨቡልኝም።

«የፈረንጅ ሥልጠና ምን ይለውጣል?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እዚያ ጥላ ሥር አልጠለልም። ያ ሁሉ ሥልጠና የተሰጠው ለዚያች ደቂቃ ነበር፤ ደቂቃዋን የበላሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የዋጥኩት፤ አዛዡ አፌን አልያዘውም።

ሩቂያ የተፈታችው ወንድሟ መጥቶ እጁን ሲሰጥ ነው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ከዓመታት በኋላ ከሁሩታ ወደ አሰላ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ዐወቀችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ቤቷ ስትገባ ልጇ ጡቷን ረስቶ፣ ፊቱን ከእሷ አዙሮ አልቅሷል።

«አንቺ ባትነግሪልኝ ኖሮ እሱ ቢመጣም አይለቁኝም ነበር» አለችኝ።

ስንወርድ ለገበያ ከያዘችው ቅቤ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቅቤውን መመለስ አልቻልኩም ልበላችሁ? መመለስ እችል ነበር። ተቀበልኩ፤ አንጥሬ በላሁት።

አሁን ድርጅቱ ሌላ ሥልጠና ሊሰጥ ነው ተባለና ድጋሚ ጠሩኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁሩታ ወርጄ፣ ቅቤ እንደምትሸጥ ዐውቅ ነበርና ሩቂያን ገበያ ውስጥ ፈልጌ አገኘኋት። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ በእንግሊዝኛ ያልኩትንም ወደ ኦሮምኛ መልሼ አሰማኋት።



«ወንድሜ እስካሁን አልተፈታም» አለች ሩቂያ። «ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እንዴት ታውቂያለሽ። ጠይቀሽ አታውቂም።»

የሥልጠናው መክፈቻ ላይ ሹሞቹ በተቀመጡበት ያደረግሁትን እንደምናገር ነገርኳት። እሷም መጥታ ስለ ወንድሟ እንድትናገር ለመንኳት። ደግሞም በዚያው አፌ፣ እኔ እተረጉምልሻለሁ አልኳት!

ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«እመጣለሁ» አለች። «እንግሊዝኛ የምታውቅ የአክስቴ ልጅ አለች፤ እሷን ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ስትናገሪ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማልኛለች።»

የድርጅቱ አስተባባሪ ይህን ስትሰማ «ሥራውን ታበላሺብናለሽ፣ ተይ» ብላኛለች። አልተውም። ቢያባርሩኝም በሩ ላይ ቆሜ እናገራለሁ። ሩቂያን ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ እናንተንም አልጠይቅም። የአክስቷ ልጅ ትምጣና ከፊት ትቀመጥ። አንዲት ቃል ብዘል ተነሥታ በሰው ፊት ውሸታም ትበለኝ።