የጋሼ መሞከሪያ ካሴት

ጋሼ፣ እርስዎ ካረፉ ወዲህ በቡራዩ ገበያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ጆሮዬ የተዘጋውን ሱቅዎን ይፈልጋል።

የሰው ቴፕና ስፒከር ጠግነው ሲጨርሱ የሚሞክሩት በአንድ ካሴት ብቻ ነበር። ማን ጥሎት እንደሄደ አያውቁም፣ የዘፋኙንም ስም አያውቁም። ጊታሩ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ፣ ሰውየው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮኽበት ሄቪ ሜታል ነው። የሰንበት ተማሪዎች ስፒከራቸውን ሊወስዱ የመጡ ዕለት አንዷ ጆሮዋን በእጆቿ ደፍና፣ «ኧረ ጋሼ፣ የእኛ እኮ ለመዝሙር ነው!» አለችዎት። እርስዎም ኮስተር ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን የቻለ መዝሙር አያቅተውም» አሏት።

እኔ የእህትዎ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፍዎ ላይ የምቆመው ያንን ሰውዬ ለመስማት ነበር። ጊታሩ ብቻውን ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር፣ «በቃ፣ ደህና ነው» ይሉና ያጠፉታል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ ይተዉት!»

«ስፒከሩ የሰው ነው።»

ዘፈኑ እንዴት እንደሚያልቅ ሳላውቅ አደግኩ።

አሁን የሰውየውን ስም አውቃለሁ፤ ዘፈኖቹም ሁሉ ስልኬ ላይ አሉ። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ስገባ ያንኑ ዘፈን እከፍታለሁ። እስከ መጨረሻው ብሰማው የሚከለክለኝ የለም። ጊታሩ ብቻውን ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር ግን ጣቴ ቀድሞኝ ያጠፋዋል። ከዚያ «በቃ፣ ደህና ነው» እስኪሉኝ እጠብቃለሁ።