የአራስ ቀኖና

ከልጅነቴ ጀምሮ አፌም እግሬም የማይታሰር ሴት ነኝ። ስለዚህ በጣልያን ጊዜ ፍርሃት ቤት ውስጥ ቆልፎኝ እንደነበር ስናገር ልጆቼ አያምኑኝም።

ከአማቴ ጋር ገብስ ይዘን ሮብ ገበያ በወጣንበት ቀን የጣልያን አውሮፕላን ቦምብ ይዞ መጣ። ሰዉ ሲበተን እኔ ነፍሰ ጡሯ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ሜዳው መካከል ቆሜ ቀረሁ። አማቴ ነጠላዬን ይዘው ጎተቱኝና ፈፋ ውስጥ ጣሉኝ። ሁለታችንም ጭረት ሳይነካን ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ግን ሰማዩ ገለጥ ያለበት ቦታ በደረስሁ ቁጥር ደረቴ ይጠብባል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ አሁን ሞትሁ እላለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔን ግን የፈራሁት ሳይደርስ ነው የጨረሰኝ። ከግቢ መውጣት ተውሁ። ባሌ ዱር ቤቴ ብሎ ጮቄ ተራራ ስለነበር የሚያይብኝ አልነበረም። ሴት ልጅ ስወልድማ ጭራሽ ተመቸኝ፤ አራስ ቤት ብትውል ማን ይጠይቃታል? አማቴም አራስ ብቻዋን አትተውም ብለው ከጎኔ አልነቃነቅ አሉ። ገበያውንም ቤተ ክርስቲያኑንም ተዉት።

ጭንቁ የክርስትናው ነገር ነበር። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከሰፊው መስክ ማዶ ነው። ያኔ ሕፃን ትኩሳት ከያዘው ተስፋ የለውም። መስክ ማቋረጥ ፈርቼ ልጄ ሳትጠመቅ ብትሞትብኝስ? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ።

የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ፣ አማቴ ጠላ ሊቀዱ ጓዳ እስኪገቡ ጠብቄ ፍርሃቴን ተናዘዝሁ። እምነት ማጣት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ስግደት ያዝዙኛል ስል የገበያውን ቀን ከመጀመሪያው እንድነግራቸው ጠየቁኝ። እያለቀስሁ ነገርኋቸው። ሌላ ቀን መጥተው እንደገና አስነገሩኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስነግራቸው፣ ያን ሁሉ ገብስ ማን ወሰደው ብዬ መናደድ ጀመርሁ። ያኔ ፈገግ አሉ።

ቀጥለው የራሳቸውን አጫወቱኝ። ዲማ የቆሎ ተማሪ ሳሉ ውሻ ይፈሩ ነበር። ውሻ ያለበትን ቤት ሁሉ እየዘለሉ ሲለምኑ ጦማቸውን ያድራሉ። የኔታቸው አልተቆጡም፤ በየቀኑ ወደ አንዱ ቤት ትንሽ ቀረብ ብለው እንዲቆሙ፣ ጉልበታቸው መንቀጥቀጡን ሳይተው እንዳይመለሱ ብቻ አዘዟቸው።

“ፍርሃት ኃጢአት አይደለም፣ ልጄ” አሉኝ። “ስትሸሺው ግን ይሰባል። ቀኖናሽ ይኸውልሽ፦ በየጧቱ ደጅ ትወጫለሽ። ሲመጣብሽ አትሩጪ፤ ቆመሽ ጠብቂው። እንደመጣ ይሄዳል። ሲሄድ ትመለሻለሽ።”

በልቤ ሽማግሌው ቀልድ ጀመሩ አልሁ። አማቴም አራስ ደጅ ከወጣች ሰይጣን ይለክፋታል ብለው አኮረፉ። የንስሐ አባት ያዘዙት ቀኖና ነው ሲባሉ ግን ምን ይበሉ? ሰይጣን ብረት ይፈራል ብለው ቢላዋ አስያዙኝና እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

መጀመሪያ ቀን ከደጃፉ አላለፍሁም። ልቤ ድው ድው አለ፣ ላቤ ተንጠፈጠፈ፣ አልሞትሁም። ከዚያ አጥሩ ጋ፣ ከዚያ ኮሶው ዛፍ ሥር፣ ከዚያ መስኩ ጫፍ ደረስሁ። ሮጬ የገባሁበትም ቀን አለ። ያን ስናገር አባ ነገም ቀን ነው ብለው ያልፉታል። ፍርሃቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ጠባዩን ግን አወቅሁት። ሲመጣ ይጮሃል፣ ቆይቶ ይደክመዋል። እኔ ደግሞ ከእሱ ይልቅ ብዙ መቆም እችላለሁ።

የክርስትናው ዕለት ልጄን ታቅፌ ወጣሁ። መስኩ ውስጥ ገብቼ ጥቂት እንደሄድሁ ከኋላዬ ኮቴ አልሰማ ሲለኝ ዞርሁ። አብረውኝ የወጡት አማቴ መስኩ ጫፍ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ነጠላቸው ይንቀጠቀጣል።

“ሂጂ አንቺ” አሉኝ። “እኔ ቤቱን ልጠብቅ።”

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔን ከሞት የጎተቱ ሴት እሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ ከአጥሩ አልወጡም ነበር። እኔ በአራስነቴ ተደብቄ ስኖር እሳቸው በእኔ ተደብቀው ኖረዋል። ተመልሼ እጃቸውን ያዝሁ።

“እማማ፣ ይመጣል፣ ይጮሃል፣ ይሄዳል” አልኋቸው። “እስኪሄድ አብሬዎት እቆማለሁ።”

ጣቴን እስኪያመኝ ጨበጡኝ። ልጅቱ አለቀሰች። ቆምን፤ ሄድን፤ መስኩ መካከል ደግመን ቆምን። ቤተ ክርስቲያኑ ዘግይተን ደረስንና ልጄ ተጠመቀች።

አማቴ ጥምቀቱ እንዳለቀ አባን ለብቻ ጠርተው ተቆጧቸው።

“ለእሷ የሰጧትን ቀኖና እኔን ምነው ነፈጉኝ?”

በማግሥቱ ጧት ቢላዋውን አስይዤ በሩ ላይ ቆሜ የጠበቅኋቸው እኔ ነበርሁ።